አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ ጥርስ ማፋጨትና ቦቶክስ፦ ማስረጃው እስከ የት ይደርሳል?

ልጅ በእንቅልፉ ጥርሱን ካፋጨ ወስፋት ነው ይባላል፤ አዋቂ ካፋጨ ደግሞ ንዴት ወይም ጭንቀት። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ሲያፋጭ ግን ከሁለቱ አንዱም አያስኬድም። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተመታ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ፣ ወይም ልቡ ለደቂቃዎች ቆሞ አንጎሉ ኦክስጅን ያጣ ሰው ዓይኑን መግለጥ ሲጀምር፣ ሰው መለየት ሳይችል ገና፣ መንጋጋው በራሱ መሥራት ሊጀምር ይችላል። በከባዱ ዓይነት ድምፁ ከክፍሉ ውጭ ይሰማል፤ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ይበላል፣ ጥርስ ይሰነጠቃል፣ ምላስና ከንፈር ይቆረጣል። በአፍ የገባ የመተንፈሻ ቱቦ ካለም ተነክሶ አየር ሊዘጋ ይችላል። አፍ ማጽዳት ስለሚያስቸግር በአፍ የሚራባው ጀርም ወደ ሳንባ የሚወርድበት ዕድልም ይጨምራል።

ለዚህ ችግር ከ30 ዓመት በላይ ሲሞከር የቆየው ሕክምና ቦቱሊነም ቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ መርዝ መርፌ ነው፤ ብዙ ሰው ቦቶክስ በሚለው የንግድ ስሙ፣ ያውም ከፊት መጨማደድ ጋር አያይዞ የሚያውቀው። መርፌው ጡንቻን እንደሚያዳክም የሚከራከር የለም። ክርክሩ ሌላ ነው፦ አንጎሉ በተጎዳ ሰው ላይ ይጠቅማል የሚለው እምነት በአመዛኙ የቆመው በነጠላ ሕሙማን ታሪክና ከጤነኞች ጥናት በተዋሰ ማስረጃ ላይ ነው። ይህ ብድር ምን ያህል ያዋጣል? የሚቀጥለው ዳሰሳ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥርስ ወደ አንጎል

ለረጅም ዘመን ጥርስ ማፋጨት የጥርስ ሐኪሞች ርስት ነበር። የላይና የታች ጥርሶች በደንብ ስለማይገጥሙ መንጋጋው እንቅፋቱን ለማስወገድ ይፋጫል የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት ነበረው፤ በ1961 ራምፍዮርድ የጡንቻን ኤሌክትሪክ በመለካት ያሳተመው ጥናትም ይህንኑ አጠናከረ። ሕክምናውም ጥርስን መሞረድና ማስተካከል ሆነ።

ሐሳቡን የለወጠው የእንቅልፍ ጥናት ነው። በካናዳ ዢል ላቪኝና ባልደረቦቹ በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ ያዩት ቅደም ተከተል ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ የአንጎል ሞገድ ለአፍታ ይነቃል፣ ከዚያ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ከዚያ የመንጋጋ ጡንቻ ይሠራል፣ የጥርስ መፋጨት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጥርሱ የሰልፉ ጭራ ከሆነ መነሻው እሱ ሊሆን አይችልም። ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ መነሻውን በአንጎል ውስጥ ይፈልጋል። የአንጎል ጉዳት ያስከተለው ማፋጨትም ለዚህ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል፤ በ1982 ፖላክና ስዊክ ከትንሹ አንጎል የደም መፍሰስ በኋላ የመጣ ማፋጨትን ዘግበዋል።

ሆኖም አንድ ክፍተት አለ። በፍራንክ ሎቤዙ የተመራ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2013 እና በ2018 ባወጣቸው ስምምነቶች የእንቅልፉንና የንቃቱን ማፋጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ለያቸው። በ2018ቱ ላይ በሌላ ረገድ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ማፋጨት በሽታ ሳይሆን የጡንቻ ባሕርይ ነው አለ። «በሌላ ረገድ ጤነኛ» የሚለው ሐረግ አንጎሉ የተጎዳውን ሰው ከበር ውጭ ያስቀረዋል። ዓይኑ የተገለጠ ነገር ግን ራሱን የማያውቅ ሰው ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? በየትኛው ክፍል ይመደብ? ምደባው የተሠራው ለሌላ ሰው ስለሆነ እሱ ላይ አይገጥምም።

ማፋጨት የማይባል መንጋጋ

መርፌ ከመታሰቡ በፊት የሚታየው ነገር በእርግጥ ማፋጨት መሆኑ መጣራት አለበት፤ ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። መንጋጋ ተቆልፎ አልከፈት ካለ፣ ምክንያቱ የጡንቻ መገተር፣ በአደጋው የተሰበረ አጥንት ወይም የመገጣጠሚያ መጣበቅ ሊሆን ይችላል፤ ለተጣበቀ መገጣጠሚያ መርፌው ፋይዳ የለውም። መንጋጋው ተጣሞ ወደ አንድ ጎን የሚሳብ ከሆነ ዲስቶኒያ የሚባለው የእንቅስቃሴ መዛባት ይጠረጠራል። በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚያቆም ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ።

መድኃኒቶችም አሉ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለመረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የአንጎልን ዶፓሚን ስለሚያግዱ መንጋጋን ሊያስጨብጡ ይችላሉ፤ ሴሮቶኒንን የሚጨምሩ የድብርት መድኃኒቶችም ማፋጨትን እንደሚያመጡ ይታወቃል። እንዲህ ሲሆን ሕክምናው መድኃኒቱን ማቆም ወይም መለወጥ ነው። ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት በኋላ ደግሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የደም ግፊት መናር በማዕበል መልክ የሚመጡበት ሁኔታ አለ፤ ማፋጨቱ የዚያ ማዕበል አካል ከሆነ ፕሮፕራኖሎልና ጋባፔንቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ማዕበሉን ሲያበርዱ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። የሚያመውን መናገር የማይችል ሰው የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም የሞላ ፊኛ መንጋጋውን ሊያስነክሰው መቻሉም መረሳት የለበትም።

መርዙ ወደ ሐኪም ቤት የገባበት መንገድ

ጀርመናዊው ሐኪምና ገጣሚ ዩስቲኑስ ኬርነር በ1820ዎቹ መጀመሪያ በቋሊማ የተመረዙ ሰዎችን መዝግቦ፣ መርዙ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ምልክት እንደሚያቋርጥ ገመተ። በትንሽ መጠን ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴን ሊያክም ይችላል ሲልም ጻፈ። በ1895 በቤልጂየም ኤሌዜል በተባለች መንደር ሃም የተባለውን የአሳማ ሥጋ የበሉ ሙዚቀኞች ሲመረዙ ኤሚል ቫን ኤርመንገም መርዙን የሚሠራውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። የኬርነርን ግምት ወደ ሕክምና የለወጠው ግን በሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም የነበረው አላን ስኮት ነው፤ በ1973 በዝንጀሮ ላይ የሠራውን፣ በ1980 ደግሞ በሰው የዓይን መንሸዋረር ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 1989 ፈቀደው።

ዓይነት ኤ የሚባለው መርዝ በነርቭ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ስናፕ-25 የተባለውን ፕሮቲን ይቆርጣል። ያ ፕሮቲን ሲቆረጥ የነርቩ መልእክተኛ አሲቲልኮሊን ወደ ጡንቻው አይለቀቅም፤ ጡንቻውም ትእዛዝ አይደርሰውም። ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በሳምንታት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ በሦስት ወር አካባቢ ይለቃል። አንጎል ውስጥ ያለው መነሻ እንዳለ ነው። ደዋዩን የከለከለው የለም፤ የደወሉ ምላስ ነው በጨርቅ የተጠቀለለው።

ለማፋጨት የሚወጉት በአብዛኛው ሁለት ጥንድ ጡንቻዎች ናቸው፦ ጉንጭ ላይ ሲነክሱ የሚያብጠው ማሴተርና ከጆሮ በላይ በጭንቅላት ጎን የተዘረጋው ቴምፖራሊስ። ጠለቅ ብለው ያሉት የመንጋጋ ጡንቻዎች ለመድረስ ስለሚያስቸግሩ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ። ይህ አጠቃቀም በአሜሪካው አስተዳደር የጸደቀ አይደለም፤ ሐኪሙ በራሱ ውሳኔ የሚሰጠው ነው።

ነጠላ ታሪኮች፣ ትልቅ ተስፋ

በአንጎል ጉዳት ላይ ያለው ጽሑፍ የሚጀምረው በአጭር ደብዳቤ ነው። በ1990 ቫን ዛንዳይክና ማርሾ የተባሉ የቤልጂየም ሐኪሞች አንጎሉ በተጎዳና በብርቱ በሚያፋጭ ሕመምተኛ ላይ መርፌው መሥራቱን በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት አስታወቁ። በ1997 አይቫንሆ፣ ላይና ፍራንሲስኮ አንጎሉ ኦክስጅን ያጣ የ28 ዓመት ወጣትን ታሪክ በተሃድሶ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ፤ ማፋጨቱ ያለ ጎንዮሽ ጉዳት መቆሙንም ጻፉ። በ2002 ፒድኮክና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ውጤት ከአደጋ በኋላ በሚያፋጭ ልጅ ላይ ዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ከለንደንም ከቱርክም ሌሎች ታሪኮች ተጨምረዋል።

እነዚህን ዘገባዎች አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ሁሉም መሳካታቸውን ያስተውላል። ያልተሳካለት ሐኪም አልጻፈም ማለት ነው፤ መጽሔትም «ወጋሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ደብዳቤ ለማተም አይቸኩልም። ይህ የነጠላ ዘገባዎች ሁሉ ድክመት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የባሰ ችግር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው።

ከአንጎል ጉዳት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ነገር ሁሉ የሚለወጥባቸው ናቸው። ንቃት ይመለሳል፣ የእንቅልፍና የንቃት ዑደት ይስተካከላል፣ መድኃኒት ይቀነሳል፣ ቱቦ ይወጣል። ማፋጨቱም በዚሁ ጉዞ ውስጥ በራሱ ሊደበዝዝ ይችላል። የመርፌው ዕድሜ ሦስት ወር፣ የፈጣኑ ማገገም ዘመንም ከዚያ የማይርቅ ከሆነ፣ መርፌው ሲለቅ ማፋጨቱ ሳይመለስ ቢቀር ምስጋናው ለማን ነው? ለመርዙ ወይስ ለሚያገግመው አንጎል?

ደጋፊዎቹ መልስ አላቸው፤ ቀላል መልስም አይደለም። ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ሲያፋጭ የነበረ ሰው በተወጋ በቀናት ውስጥ ሲያቆም፣ ቀኑ መርዙ መሥራት ከሚጀምርበት ቀን ጋር ሲገጥም፣ አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። እኔም ይህን ክርክር እቀበለዋለሁ፤ ግን የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ፋታ እንጂ ዘላቂውን ለውጥ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳምነው ማፋጨቱ በሦስተኛው ወር ተመልሶ በሁለተኛ መርፌ ዳግም የቆመበት ታሪክ ነው፤ እዚያ ጊዜ ብቻውን ማብራሪያ ሊሆን አይችልም። ከዘገባዎቹ ስንቶቹ ሕመምተኛውን እስከዚያ ድረስ ተከታትለዋል የሚለው ነው የእያንዳንዳቸው ክብደት መለኪያ።

ከጤነኞች የተዋሰው

ቁጥር ያለው ማስረጃ የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው። በሂዩስተን ታንና ያንኮቪች በ2000 ባሳተሙት ዘገባ በከባድ ማፋጨት የሚሠቃዩ 18 ሰዎችን በ123 ቀጠሮዎች 241 ጊዜ ማሴተር ጡንቻቸው ላይ ወግተዋል። አማካይ መጠኑ በአንድ ጎን ከ60 ዩኒት ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ውጤቱ በአማካይ 19 ሳምንት ቆይቷል፤ የመዋጥ ችግር የገጠመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥሩ ውጤት ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም።

ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። በኮሪያ ሊ እና ባልደረቦቹ በ2010 በ12 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ በተወጋው ማሴተር ውስጥ የማፋጨት ክስተት ቀነሰ፤ ባልተወጋው ቴምፖራሊስ ውስጥ ግን አልቀነሰም። በ2014 ሺምና ባልደረቦቹ፣ ባዶ መርፌ የተወጋ ቡድን ባይኖራቸውም፣ 20 ሰዎችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ ሲያዩ የጡንቻው የመኮማተር ጉልበት ወረደ፣ የክስተቱ ቁጥር ግን አልተለወጠም። በ2018 ኦንዶና ባልደረቦቹ በዕጣ በተመደቡ ተሳታፊዎች ላይ በእያንዳንዱ ማሴተር 60፣ በእያንዳንዱ ቴምፖራሊስ 40 ዩኒት ሰጡ። መርዙን ካገኙት 13 ሰዎች 6ቱ በጣም እንደተሻላቸው ሲመሰክሩ፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት 9 ሰዎች አንዱም ያን ያህል አልተሻለውም። ሁለት ሰዎች ፈገግታቸው ተለውጧል።

የሊ እና የሺም ውጤቶች በጥሞና ሊነበቡ ይገባል። መርዙ የሚነካው በአብዛኛው የተወጋውን ጡንቻ ነው፤ የሚቀንሰውም በዋናነት ጉልበቱን ነው። አንጎል «አፋጭ» ማለቱን አያቆምም። በእንቅልፉ የሚያፋጭ ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝን ይሆናል፤ መዳን ነው የሚፈልገው። አንጎሉ ለተጎዳ ሰው ግን ግቡ ሌላ ነው። ለእሱ ጥያቄው ማፋጨቱ ቆመ ወይ ሳይሆን ንክሻው ጥርስ ከመስበርና ምላስ ከመቁረጥ በታች ወረደ ወይ ነው። የጤነኞቹ ጥናት የሚያሳየው ልክ ይህንኑ፣ የጉልበትን መውረድ፣ ስለሆነ በዚህች ነጥብ ላይ ብድሩ ሕጋዊ ይመስለኛል።

ከዚያች ነጥብ ሲወጣ ግን ያንሳል። በካናዳ በተደረገ የ1994 የሕዝብ ጥናት ከአዋቂዎች በእንቅልፍ የሚያፋጨው 8 ከመቶ ያህሉ ነበር፤ እነሱ በሌሊት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሰከንዶች ያፋጫሉ። ቀኑን ሙሉ የሚነክስ፣ የጡንቻው ግትርነት የጨመረ፣ ምራቁን መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው በመጠንም ሆነ በአደጋ ከእነሱ ጋር አይነጻጸርም። የመለኪያውም ነገር አለ፦ ራሱን የማያውቅ ሰው «ተሻለኝ» አይልም፤ መስካሪዎቹ መርፌው መሰጠቱን የሚያውቁ ነርሶችና ቤተሰቦች ናቸው።

የሚያሰጉት ጉዳቶች

ለጤነኛ ሰው የማሴተር መርፌ በአብዛኛው ቀላል ነው፦ የመርፌ ሕመም፣ ለጊዜው የማኘክ ድካም፣ አልፎ አልፎ የተዛባ ፈገግታ። አንጎሉ ለተጎዳው ሰው የሚያሰጋው የመዋጥ ችግር ነው። የአሜሪካው አስተዳደር በ2009 በሁሉም የቦቱሊነም መድኃኒቶች ላይ መርዙ ከተወጋበት ቦታ ርቆ ሊሰራጭ፣ መዋጥንና መተንፈስን ሊያውክ እንደሚችል የሚያሳስብ ጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ። ማስጠንቀቂያው ለጡንቻ ግትርነት የሚታከሙ ሕፃናትን ለይቶ ይጠቅሳል። በቱቦ የሚመገብ ሰው ላይ ይህ ጉዳት ላይታይ ይችላል፤ ቱቦው ወጥቶ በአፍ መመገብ ሲሞከር ግን የደከመው መንጋጋና ጉሮሮ አብረው ይጋለጣሉ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝና ብዙ የማይነሳ ነጥብ አለ። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ለተጨበጠ እጁ ወይም ለተገተረ እግሩም ይህንኑ መርፌ ሊወስድ ይችላል። የመንጋጋው መጠን ከእጅና ከእግሩ ጋር ተደምሮ መቆጠር አለበት፤ ሁለት ክፍሎች ሳይነጋገሩ በሁለት ሳምንት ልዩነት ቢወጉት አደጋው በወረቀት ላይ አይታይም። የአንዱ ምርት ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አለመሆኑም ሌላ የስሕተት በር ነው፤ የቦቶክስ 60 ዩኒት የዲስፖርት 60 ዩኒት አይደለም።

ስለ አጥንት ያለው ክርክር አልተዘጋም። በጥንቸሎች ላይ የማሴተር መርፌ የመንጋጋን አጥንት ማሳሳቱ ታይቷል። በኒው ዮርክ ካረን ራፋኤል በ2014 በጥቂት ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ምልክት አገኘች፤ በ2020 በ79 ሴቶች ላይ ስትመለስ ግን በተለመደው መጠን ግልጽ ልዩነት አላየችም። ለአንድ ወይም ሁለት መርፌ ይህ ስጋት ሚዛን የሚደፋ አይመስልም። ለዓመታት ለሚደጋገም ግን ጥያቄው ይቆያል።

ሌሎቹ መንገዶችና የእኛ አገር

ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ፕላስቲክ ለጤነኛው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ለመሥራት ልክ ይወሰዳል፤ አፉን ከማይከፍት ሰው ልክ መውሰድ ከባድ ነው፣ ራሱን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ተሰብሮ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ባክሎፌን፣ ቡስፒሮን፣ ጋባፔንቲንና ፕሮፕራኖሎል ተሞክረዋል፤ ማስረጃቸው ከመርፌው የባሰ ቀጭን ነው፣ አንዳንዶቹም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ መንቃት ያለበትን አንጎል ማደንዘዝ ደግሞ ዋጋ አለው። ጥርስ መንቀል የማይመለስ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነው። በቤተሰብ እጅ የሚደረገውም አይረሳ፦ ማንኪያ ወይም ጣት በጥርስ መሐል ማስገባት ጥርስን ይሰብራል፣ ጣትንም ያስነክሳል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ወደፊት እየቀረበ የሚመጣ ነው። በአዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በ2006 በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ከተጀመረ ወዲህ ለተመታ ጭንቅላት የሚደርስ እጅ በርክቷል። ከሞት የሚተርፈው ሲበዛ ከመትረፍ በኋላ የሚመጣው ችግርም ይበዛል። መርፌው ራሱ የሚፈልገው ብዙ መሣሪያ አይደለም፤ ማሴተር በጣት የሚዳሰስ ጡንቻ ነው፣ በሚያፋጭ ሰው ላይ ደግሞ ራሱ ያብጣል። ውዱ መድኃኒቱና አያያዙ ነው፦ ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ከተበጠበጠ በኋላም በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ዜኦሚን የሚባለው ምርት ሳይበጠበጥ በክፍል ሙቀት ሊቀመጥ መቻሉ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ትንሽ ነገር አይደለም።

የለየለት መልስ የሚሰጠው ጥናት ምን ዓይነት እንደሆነ ግልጽ ነው፦ አንጎላቸው የተጎዱ ሰዎች በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ መርዙን፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ የሚያገኙበት፣ ማፋጨቱን በጡንቻ ኤሌክትሪክ የሚለካ፣ ከሦስት ወር በላይ የሚከታተል። አንድ ሐኪም ቤት ብቻውን በቂ ሕሙማን ስለማያገኝ ብዙ ሐኪም ቤቶች መተባበር አለባቸው። ባዶ መርፌ ለተመደበው ሰው ጥርሱ እየተሰበረ መጠበቅ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ መርፌውን ለአራት ሳምንት ብቻ የሚያዘገይ ንድፍ ግን ሊያስታርቀው ይችላል።

እስከዚያው የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መድኃኒትና ሕመም ተጣርተው፣ መንጋጋው ጥርስን ወይም ምላስን እያበላሸ ከቀጠለ፣ አንድ ዙር መርፌ በማሴተር (ካስፈለገም በቴምፖራሊስ) መስጠት ምክንያታዊ ነው፤ የመዋጥ አቅም ቀድሞ ከተመረመረ። ሁለተኛው ዙር ግን በቀጠሮ ብቻ መሰጠት የለበትም፤ መርዙ ሲለቅ ማፋጨቱ መመለሱ ይታይ። ቀለል ላለ፣ ጉዳት ለማያደርስ ማፋጨት መጠበቅ ይሻላል። ቤተሰብ በበኩሉ ከመርፌው በፊትና በኋላ ማፋጨቱን በስልክ ቀርጾ፣ ቀኑን ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ። ሁለተኛው መርፌ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ሲወሰን ከዚህ የተሻለ መረጃ የሚኖረው ሐኪም ጥቂት ነው።